ለትልቅና ሰፊ እግር የሚሆን የብስክሌት ጫማ፣ ኪስ ሳይጎዳ

ጫማዬ 48 ቁጥር ነው። ነገሩ ርዝመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር፤ ወርዱም የዚያኑ ያህል ነው። እንደ እኔ ዓይነት እግር ያለው ሰው የብስክሌት ጫማ ሲፈልግ ከሁሉም አቅጣጫ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ "ቁጥር ጨምር፣ ይሰፋልሃል።" እባካችሁ ይህን ምክር አትስሙ። ገንዘብ የሚያስጨርሰውም እግር የሚያሳምመውም እሱ ነው።

ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። በአውሮፓ የጫማ ልክ አንድ ቁጥር ማለት የ1 ሴንቲሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው፤ 6.7 ሚሊሜትር ገደማ። ከ46 ወደ 47 ስትወጡ ጫማው በርዝመት ይህን ያህል ያድጋል። በወርድ ግን የሚጨምረው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። እግራችሁ ከተለመደው ጫማ በ6 ሚሊሜትር ቢሰፋ፣ ያን ወርድ ቁጥር በመጨመር ለማግኘት ከሦስት እስከ ስድስት ቁጥር መዝለል አለባችሁ። ያን ጊዜ ጫማው ፊቱ ባዶ ይሆናል። ፔዳሉን ወደ ላይ በሳባችሁ ቁጥር ተረከዛችሁ ይነሳል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ክሊቱ፣ ማለትም ጫማውን ከፔዳሉ ጋር የሚቆልፈው ቁራጭ፣ መሆን ካለበት ቦታ ወደ ፊት ይሸሻል። ባትና ቁርጭምጭሚት የማይገባቸውን ሥራ ይሠራሉ።

ወርድ የሚገዛው በወርድ ነው። ቁጠባው ከሌላ ቦታ ይምጣ። ከካርቦን ሶል፣ ከማዞሪያ ማሰሪያ፣ ከዘንድሮ ቀለም ቆጥቡ። ከወርዱ ግን አንዲት ሚሊሜትር አትቆጥቡ።

መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ

ማታ ላይ ለኩ። እግር ቀኑን ሙሉ ስንቆምበትና ስንሄድበት ያብጣል፤ ረጅም መንገድ ስንጋልብም እንደዚያው። ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ከሰዓት በኋላ ሊቆነጥጥ ይችላል። ለብስክሌት የምታደርጉትን ካልሲ አድርጉ። ወረቀቱን ወለል ላይ አንጥፉ፣ ተረከዛችሁን ግድግዳ አስነኩ፣ በሁለቱም እግራችሁ እኩል ቁሙ። መስመሩን ሌላ ሰው ያስምርላችሁ። ራሳችሁ ጎንበስ ካላችሁ ክብደታችሁ ይዛባል፣ እግሩም ቅርጹን ይቀይራል። እርሳሱ ቀጥ ብሎ ይቁም። ወደ ውስጥ ካዘነበለ በየጎኑ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ይሰርቃችኋል፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ እሷኑ ነው።

ርዝመቱን ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ለኩ። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፤ ብዙ ሰው ሁለተኛው ጣቱ ይበልጣል። ወርዱን የምትለኩት ከአውራ ጣት ሥር ጎላ ካለው አጥንት እስከ ትንሿ ጣት ሥር ካለው አጥንት ነው። መስመሩ ትንሽ ሰያፍ ይሆናል፤ ልክ ነው። ከዚያ የልብስ ሰፊ ሜትር አምጡና በዚያው ቦታ እግራችሁን ዙሪያውን ለኩ። ይህ የዙሪያ ልክ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። እግር ወደ ጎን ሳይሰፋ ወደ ላይ ሊወፍር ይችላል፤ ጀርባው ከፍ ያለ እግር ወርዱ በቂ በሆነ ጫማ ውስጥም ይጨነቃል።

ሁለቱንም እግር ለኩ። እኩል እግር ያለው ሰው ጥቂት ነው። ጫማ የሚገዛው ለትልቁ ነው፤ የትንሹን ትርፍ በስስ ንጣፍ መሙላት ቀላል ነው።

አሁን ቁጥሩን እርሱትና ሴንቲሜትሩን ያዙ። በአውሮፓ ልክ 48 ማለት ጫማው የሚወጠርበት ፎርማ 32 ሴንቲሜትር ገደማ ነው ማለት ነው፤ 48ን በሁለት ሦስተኛ ብታባዙት ይኸው ነው። የሚገባበት እግር ግን ከዚያ ያጥራል፤ ለጣት መተንፈሻ ቦታ ይቀራል። ያን ትርፍ እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደየፍላጎቱ ይተወዋል። ለዚህ ነው የአንዱ 48 ከሌላው 47 ጋር እኩል የሚሆነው። በሺማኖ ሰንጠረዥ 46 ቁጥር ለ29.2 ሴንቲሜትር እግር ነው፤ 47 ለ29.8፣ 48 ለ30.5። ሌላ ስም ያለው ጫማ ስትገዙ ይህን አትመኑ፣ የራሱን ሰንጠረዥ ክፈቱ። ሰንጠረዡ የእግርን ርዝመት ይሁን የውስጥ ንጣፉን ርዝመት የሚሰጠው፣ ይህንንም አጣሩ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ያሰመራችሁትን ወረቀት አትጣሉት። በመቀስ ቁረጡት። የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጥታችሁ ወረቀቱን በላዩ ላይ አስቀምጡ። እኔ ከሁሉም ምርመራ የማምነው ይህን ነው። ወረቀቱ ከፊት ወደ 1 ሴንቲሜትር ትርፍ ሲተው ርዝመቱ ደህና ነው። በጎን ግን ተመልከቱ፤ በተለይ በትንሿ ጣት በኩል። ወረቀቱ ከንጣፉ ጠርዝ ወጥቶ ከታየ ያ የወጣው ቦታ ላይ ሥጋችሁ ነው የሚጨመቀው። ትንሽ ብቅ ማለቱ አያስፈራም፤ ጫማው ከንጣፉ በላይ በጎን ትንሽ ይፋፋል። እንደ እርሳስ ውፍረት ያህል ከወጣ ግን ያ ጫማ ለእናንተ አልተሠራም። ሻጩ "ሲለመድ ይሰፋል" ቢላችሁም አይሰፋም። የብስክሌት ጫማ ሶል ድርቅ ያለ ነው። ላዩ ቢለጠጥም ሶሉ ስፋቱን አይቀይርም።

ወረቀቱን ጫማው ውስጥ አስገብቶ ማየትም ይቻላል። ጠርዙ ወደ ላይ ከታጠፈ መልሱን አግኝታችኋል።

ስም ስንፈልግ

ሰፊ ፎርማ የሚያወጡ ፋብሪካዎች አሉ፤ ግን በሁሉም ሞዴል ላይ አይደለም። ሺማኖ በአንዳንድ ሞዴሎቹ ከመደበኛው ጎን ሰፊውን ያወጣል፤ ከመካከለኛ ዋጋ ጀምሮ ስለሚገኝ እኔ ፍለጋዬን የምጀምረው ከእሱ ነው። ሲዲ የጣሊያን ነው፣ መደበኛ ጫማው ለሰፊ እግር ጠበብ ይላል፤ "ሜጋ" የሚል ስም የተጨመረበት ግን ለኛ ነው። ጂሮ "ኤች ቪ" የሚል ምልክት ያደርጋል፤ ይህ ወርዱን ብቻ ሳይሆን የእግር ጀርባውንም ቦታ ያሰፋል። ፊዚክና ስፔሻላይዝድም "ዋይድ" ብለው የለዩዋቸው ሞዴሎች አሏቸው። ሌክ በወርድ ምርጫ የታወቀ ነው፤ ሰፊና በጣም ሰፊ ብሎ ይለያል፣ እስከ 50 ቁጥርም ይደርሳል። የአውስትራሊያው ቦንትም ሰፊ ያወጣል፤ ጫማው በሙቀት ተለስልሶ በእግር ቅርጽ የሚወጣ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አዲሳቸው ውድ ነው። ያገለገለ ወይም ያለፈ ዓመት ሞዴል ካገኛችሁ ግን አትለፉት።

የቦንት ነገር ሲነሳ አንድ ማስጠንቀቂያ። ቦንት ጫማው ኦቨን ውስጥ በ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲለሰልስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህን ያየ ሰው ሌላውንም ጫማ ኦቨን ውስጥ ሊከት ይችላል። ሙጫው ይለቃል፣ ሶሉ ይጣመማል። በመመሪያው ላይ ካልተጻፈ አትሞክሩት።

ሰፊ እግር ያላችሁ ሴቶች ደግሞ የወንዶቹን መደርደሪያ ተመልከቱ። የሴቶች ተብሎ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ጠበብ ያለ ነው፣ ቁጥሩም ቶሎ ያልቃል።

ዋጋው የሚወርድበት

የብስክሌት ጫማን ዋጋ የሚሰቅሉት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሶሉ የተሠራበትና የሚታሰርበት መንገድ። ካርቦን ሶል ቀላልና ደረቅ ነው። ለውድድር ሰው ጥሩ ነው። ለሥራ መመላለሻ፣ ለቅዳሜ ረጅም ጉዞ፣ ለአካል ብቃት የናይለን ሶል ከበቂ በላይ ነው። ከባድ ሰው ብሆንም በናይለን ሶል ስጋልብ ጉልበት ባከነ ብዬ አላውቅም። እንዲያውም ትንሽ መተጣጠፉ ለእግር ምቾት ይሰጣል። ከብስክሌት ወርዶ መራመድ ሲመጣም ይሻላል።

ማሰሪያው ላይ የበለጠ መናገር እፈልጋለሁ፤ ለሰፊ እግር ከሁሉ የሚሻለው ከሁሉ የሚረክሰው ነውና። እሱም ክር ነው። ተራ የጫማ ክር። ክር በየቀዳዳው የተለያየ ጥብቀት ይቀበላል። እኔ ከጣት በኩል ያሉትን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀዳዳዎች ላላ አድርጌ፣ ወደ ቁርጭምጭሚት ስቀርብ ጠበቅ አደርጋለሁ። የሚያመኝ ቦታ ካለ በዚያ ቦታ ክሩን አላሻግረውም፤ በጎኑ በኩል ቀጥ አድርጌ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ አወጣዋለሁ። ጫናው ከዚያ ቦታ ላይ ይነሳል። ትርፍ ክሩን ከስር ሸጉጡት፣ ሰንሰለት ውስጥ እንዳይገባ።

ቬልክሮም ረከስ ያለና ምቹ ነው። ለኛ ግን አንድ ችግር አለው። የእግሩ ጀርባ ከፍ ያለ እንደሆነ ማሰሪያው ያጥራል፣ ጫፉ ብቻ ይይዛል፣ እየጋለባችሁ ይላቀቃል። ስትሞክሩ ማሰሪያው ቢያንስ እስከ ግማሹ መጣበቁን አረጋግጡ። ቦዋ የሚባለው በማዞሪያ የሚጠብቅ ሽቦ ድንቅ ነገር ነው። አንድ ማዞሪያ ብቻ ያለው ግን ፊቱንም ኋላውንም እኩል ያጠብቃል፤ ተረከዙ ሲያዝ ጣቶቹም አብረው ይጨመቃሉ። ማዞሪያ ካማራችሁ ሁለት ያለውን ፈልጉ፣ ወይም አንድ ማዞሪያ ሆኖ ከፊት ለብቻው ቬልክሮ ያለውን።

ላዩ የተሠራበትንም እዩ። ቆዳ ይለጠጣል፤ ጫማ ሠሪ ጋ ወስዳችሁ በመወጠሪያ ማስወጠርም ትችላላችሁ። መረብ ጨርቅ ለእግር ይታዘዛል። ደረቅ ሰው ሠራሽ ቆዳ ግን እንደተገዛ ይኖራል። በአውራ ጣታችሁ ሥር ጉብ ያለ አጥንት ካለ፣ ስፌቱ የት እንደሚያልፍ በጣታችሁ ዳብሱ። በዚያ አጥንት ላይ ስፌት ያለበትን ጫማ ርካሽ ነው ብላችሁ አትውሰዱ።

ሌላው ቁጠባ ጊዜ ነው። አዲስ ሞዴል ሲመጣ ያለፈው ዋጋው ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜ የሚለወጠውም ቀለሙና ማሰሪያው ነው። የተለመደው ቁጥር ቶሎ ሲያልቅ 47፣ 48፣ 49 መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ትልቅ እግር ጥቅም የሚሰጥበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው። ቀለም አትምረጡ። እኔ የሚወደደውን ቀለም ትቼ የተረፈውን እወስዳለሁ።

ያገለገለ ጫማስ? ጥሩ ነው፣ ትልቅ ቁጥር የሚፈልግ ስለማይበዛ በደህና ዋጋ ይገኛል። ሶሉን አጠፍ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ፤ በተለይ የክሊት ቀዳዳዎቹ አካባቢ። የክሊቱ ብሎን ራሱ ተልጦ ከሆነ ማውጣቱ መከራ ነው። ለዓመታት ሳይደረግ የተቀመጠ ጫማ አዲስ ቢመስልም ተጠንቀቁ፤ አንዳንዱ የጎማ ሶል በዕድሜ ብቻ ይፈረካከሳል። በአውራ ጣታችሁ ጫን ብትሉት ይታወቃል።

ሲሞክሩና ሲገጥሙ

ጫማው ሲመጣ ክሊት ሳትገጥሙ ሞክሩት። ክሊት የታሰረበት ሶል ምልክት ይቀርበታል፣ ለመመለስ አይመችም። ማታ ላይ ቤት ውስጥ፣ ንጹሕ ወለል ላይ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አድርጋችሁ ቆዩ። ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ፤ እንደ ፒያኖ ተጫዋች ጣት አንድ በአንድ መነሳት መቻል አለባቸው። ተረከዝ ዝም ማለት አለበት። ትንሿ ጣት ግድግዳውን ነክታ ከቆየች፣ ዛሬ ባያምም ከሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ ያማል። ለጥቂት የጎደለ ከሆነ ይዞት የመጣውን ወፍራም ንጣፍ በስስ ለውጡ፤ እግሩ ወደ ታች ሲወርድ ወርድም ቁመትም ይገኛል። በርካሽ የሚገኝ መፍትሔ ነው፣ ግን ለጥቂቱ ብቻ ነው የሚሠራው።

ጫማ ስትገዙ የታችኛውን ቀዳዳ ከፔዳላችሁ ጋር አስተያዩ። ሁለት ብሎን የሚቀበለው የተራራ ብስክሌት ዓይነቱ ነው፤ ሺማኖ በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤስፒዲ የተባለው የክሊትና የፔዳል ዓይነት የዚህ ወገን ነው። ሦስት ብሎን ያለው የመንገዱ ነው፤ ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ በ1984 እ.ኤ.አ. ያመጣው። ለትልቅ እግር እኔ ሁለት ብሎኑን እመርጣለሁ። ክሊቱ ትንሽ ነው፣ ብሎኑ የሚንሸራተትበት መስመርም ረዘም ያለ ነው፤ ወደ ኋላ መሳብ ይቻላል። ይህ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ጫማው በቁጥር ሲያድግ ቀዳዳው ሁልጊዜ አብሮት ወደ ኋላ አይሄድም፣ ስለዚህ በትልቅ ጫማ ላይ ክሊቱ ጣት ጋ ተጠግቶ ይቀራል።

ክሊቱን የት ላድርገው ለሚል፦ ጫማውን አድርጋችሁ የአውራ ጣት ሥር አጥንትንና የትንሿን ጣት ሥር አጥንት በውጭ በኩል ዳብሱ፣ በጫማው ጎን ላይ በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርጉ። የፔዳሉ አክስል፣ ማለትም ፔዳሉ የሚዞርበት ዘንግ፣ በሁለቱ ምልክቶች መሀል ይዋል። እግራችሁ ሲጋልብ የሚያቃጥልና የሚደነዝዝ ከሆነ ከዚያም ወደ ኋላ ጥቂት ሚሊሜትር ሳቡት። ያ ማቃጠል የሚመጣው ከጣት ሥር ባሉት አጥንቶች መካከል የሚያልፉት ነርቮች ሲጨመቁ ነው። ወርዱ የተስተካከለ ጫማና ወደ ኋላ የተሳበ ክሊት አብረው ሲሆኑ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ጫማው ልክ ሆኖ ክሊቱም ተስተካክሎ መደንዘዙ ካልተወ ሐኪም ይየው።

ሰፊ ጫማ ሲገባ ሌላ ነገርም ይመጣል። የጫማው ውስጠኛ ጎን ክራንኩን፣ ማለትም ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ፣ መፋቅ ይጀምራል። መጀመሪያ ክሊቱን ወደ ውስጥ፣ ወደ አውራ ጣት በኩል ግፉት፤ ያን ጊዜ እግሩ ወደ ውጭ ይወጣል። ካልበቃ በፔዳሉና በክራንኩ መሀል 1 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን ዋሸር ይግባ። ያም ካልበቃ የፔዳሉን አክስል ወደ 20 ሚሊሜትር የሚያስረዝም ማራዘሚያ ይሸጣል። ስትፈቱ የግራው ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ መሆኑን አስታውሱ፤ ወደ ለመዳችሁት አቅጣጫ ብትታገሉት ይብስ ይጠብቃል።

እንዲሁም በዝግታ ስትዞሩ የጫማው ጫፍ የፊት ጎማውን እንዳይነካ አረጋግጡ። ቆማችሁ ፔዳሉን ወደ ፊት አድርጉና መሪውን አዙሩ። ትልቅ ጫማ ትንሽ ፍሬም ላይ ሲመጣ ይነካል። በፍጥነት ስንሄድ መሪ ብዙ ስለማይዞር ችግር የለውም። ቆም ብሎ መዞር ላይ ግን ይጥላል። ክሊቱን ወደ ኋላ ስትስቡት ጫፉ ይብስ ወደ ፊት ይሄዳልና ከዚያ በኋላ ደግማችሁ ፈትሹ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ የሚሆናችሁ ጫማ ካልተገኘ ወይም ዋጋው አልቀመስ ካለ፣ ክሊቱን ተዉት። ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ፔዳል፣ ጥርስ ያለው፣ ግዙና ሶሉ ደርቀቅ ያለ ሰፊ የስፖርት ጫማ አድርጉ። ለዚህ ተብሎ የሚሠራ ጫማም አለ፣ የፋይቭ ቴን ጫማዎች በዚህ ይታወቃሉ፤ ግን የግድ አይደለም። በተራ ጫማ ላይ የወርድ ምርጫው ሰፊ ነው፤ በአሜሪካ ልክ "ኢኢ" ወይም "ባለ አራት ኢ" የተባለውን ፈልጉ። በዚህ መንገድ ረጅም ርቀት የሚጋልቡ ሰዎች አሉ፣ ምንም አልጎደለባቸውም።

ልካችሁ የሆነ ጫማ ካገኛችሁ ግን የሞዴሉን ስም፣ ቁጥሩንና የወርዱን ምልክት ከወረቀቱ ቅድ ጀርባ ላይ ጻፉት። ፋብሪካዎች ፎርማ ይቀይራሉ፤ ያው ስም በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ጫማ ሊሆን ይችላል። ቅናሽ ሲወጣና አቅሙ ሲኖር ሁለተኛ ጥንድ አስቀምጡ። አዲሱን ሞዴል ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ወረቀቱን እንደገና በንጣፉ ላይ አኑሩት።